ሦስተኛው አምፖል

በሱዳኗ አትባራ ገበያ የታጅ አልስርን ሱቅ የማያውቅ አልነበረም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የእኔ አምፖል አምስት ዓመት ያበራል፤ ካላበራ መልሱት» ብሎ ጽፏል። ጎረቤቶቹ ያገኙትን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግተው ሲሸጡ፣ እሱ እያንዳንዱን ኤልኢዲ አምፖል አብርቶ፣ ሙቀቱን በእጁ ዳስሶ ነበር የሚሰጠው።

የመጀመሪያውን አምፖል የመለሰው ባቢከር ነው። አምፖሉ የሟች ወንድሙ ሚስት የቡሰይና ነበር። ቡሰይና የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ዓይነ አፋር ስለሆነች ገበያ መሀል አትታይም። ባቢከር ግን በየዓርቡ እየመጣ ቤቷን ይቃኛል። በወንድሙ ቤት ሌላ ወንድ አይገባም ብሎ ከማለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አምፖሉ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ታጅ አልስር ሳይከራከር ሌላ ሰጠው።

ሁለተኛው በሁለት ወር ተቃጠለ። ሦስተኛውን ሲያመጣ ባቢከር ሰው አስከትሎ ነበር።

«ባል የሞተባትን ሴት ነው የምታታልለው?»

ታጅ አልስር ረጋ ብሎ አስረዳ። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ክሩ ተበጥሶ የሚጠፋ አይደለም። ሃያ አምስት ሺህ ሰዓት ይሠራል፤ ብርሃኑም ቀስ እያለ ነው የሚደበዝዘው። ዕድሜውን የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ፣ እርጥበት፣ አየር የማያስወጣ ሽፋን።

ባቢከር አልተቀበለውም። የቤቱ መስመር አዲስ ነው፤ የሌሎቹ ክፍሎች አምፖሎች ደህና ናቸው። የሚቃጠለው የኋላዋ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ከልብስ በቀር ምንም የለም፤ መብራቱም በሳምንት አንድ ቀን ቢበራ ነው።

«ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል» አለ ታጅ አልስር።

«የአትባራ ጣሪያ ሁሉ ሙቀት ይይዛል። ታዲያ እኛስ ለምን አልተቃጠልንም?»

ሰዉ ሳቀ። ታጅ አልስር አምፖሉን ፈታው። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል፤ ውስጡም የሚያጣብቅ ነገር ለብሷል። አሸተተው። ከዚያ መልሶ ገጠመው።

«ምነው፣ ምላስህም ተቃጠለ?» አለው ባቢከር።

ሐሙስ ጠዋት ነገሩ የገበያው ሹም ሐጅ ዑስማን ፊት ቀረበ። ሽማግሌው መውጫ አበጁለት። አስመጪው አታሎኝ ነው በል፣ ይቅርታ ጠይቅ፣ ሱቅህን ክፈት አሉት።

«አምፖሌ ደህና ነበር» አለ ታጅ አልስር። «ምን እንዳቃጠለው ግን አልናገርም።»

«ከገበያው ትወጣለህ እኮ፣ ልጄ።»

«እወጣለሁ። አጭበርብሬያለሁ ግን አልልም።»

ሐጅ ዑስማን የሱቁን ቁልፍ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ መሀል የመምህራንን ነጭ ቶብ የለበሰች ሴት ሰዉን እየሰነጠቀች ገባች። ቡሰይና ነበረች። ድምጿ በቅጡ እንኳ አይሰማም፤ ቢሆንም አላቋረጠችም።

«አምፖሉ ጥፋት የለበትም፣ ሐጅ። ያቃጠለው ጢስ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ጉድጓድ አለኝ። በሩን ዘግቼ ጠልህ የሚባለውን የግራር እንጨት አጨሳለሁ፤ ጢስ እሞቃለሁ።»

እዚያ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ሚስት አለው፤ ሴት ጢስ የምትሞቀው ለባሏ እንደሆነ፣ ባሏ የሞተባት ደግሞ ጉድጓዱን እንደምትደፍን ያውቃል። ሐጅ ዑስማን መሬት መሬት አዩ። ቡሰይና ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ለማን ነው?» ብሎ ባቢከር በእኔ በቡሰይና ላይ ሲጮህ፣ ከተከሳሹ ወንበር ላይ በስውር ያገባሁት ባሌ ታጅ አልስር ተነሳ።