የአጥሩ ቅጠል

ሴይኒን የሚሰማት ጠፍቶ ነው እንጂ፣ ምግብ መቀነስና ጦም መዋል አንድ እንዳልሆነ አፏ እስኪዝል ተናግራለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ “ክብደት ቀንስ” ካለችው ወዲህ ባሏ ቁራሽ ስኳር ድንችና ሻይ ብቻ እየቀመሰ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዓይኑ እየጨለመበት ግድግዳ ይደገፍ ጀመር። “ኧረ ሰውነትህ ጉልበት የሚሆነው ነገር ይፈልጋል፣ ቅጠል ብላ” ስትለው፣ “ቅጠልማ የአሳማ ቀለብ ነው!” ይላል።

በዚያ እሁድ ግን ጎረቤታቸው ሉፔ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ሳቂታ፣ ክዳን ያለው ሳህን ይዛ ገባች። ፔሌ የሚባል ጎመን መሰል ቅጠል ተቀቅሎ፣ ከትንሽ ዓሣ ጋር ነበር፤ የኮኮናት ወተት ጠብታ እንኳ አልነካውም። ሰውዬው ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ጥርግ አድርጎ በላና ጣቱን ላሰ። ሴይኒ ጣቱን አይታ ወደ ራሷ ምግብ ዞረች። በቅጠል ጠቅልላ ከጉድጓድ ምድጃው ያወጣችው አጠገቡ ሳይፈታ ቀዝቅዟል።

“እጅሽ ይባረክ ሉፔ! ፊቴ ሲበራ አይታይሽም? እንዲህ ያለ ቅጠል ከየት አገኘሽ?”

“ከየት አመጣዋለሁ? ከእትዬ ሴይኒ አጥር ነዋ! ‘ሲያሻሽ ቁረጪ’ ያለችኝ እሷው ናት።”

የሰውዬው ጣት አፉ ላይ ቀረ። ሴይኒ ሳህኑን ስባ ከሥሩ የቀረችውን አንዲት ቅጠል አነሳችና ወደ ከንፈሩ አስጠጋች።

“በል አፍህን ክፈት! ይቺን የአሳማ ቀለብ ከእኔ እጅ ትበላታለህ፤ ሉፔም ቆማ ትየን!”