በጋሼ ዲስክ ላይ

የውጭ ዲስኩን ገመድ ከላፕቶፑ ነቅዬ እንደገና እሰካለሁ። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው፤ ባለሙያ ነን የሚሉትም ሲጨንቃቸው በጓሮ በር ወደ እኔ ይመጣሉ። አሮጌው ላፕቶፕ ዳገት እንደያዘ አውቶቡስ ያቃስትና ያንኑ ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። መገልበጥ አልተቻለም።

«ምን ሆነ?» ትላለች እህቴ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ። ስፒሎቹን በከንፈሯ ስለያዘች ቃሉ በጥርሷ መሃል ሾልኮ ነው የሚወጣው።

ገመዱ ነው እላታለሁ። ገመዱ ምንም አልሆነም።

ጠዋት የእጅጌውን ንድፍ ልትከፍት ብትል እምቢ ብሏት ነው ያስጠራችኝ። ላፕቶፑ ከሆዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ድምፅ ላፕቶፕ ሊሞት ሲል የሚያሰማው መሆኑን አውቃለሁ፣ ባላውቅ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ብዙም አልደነገጠች። ለክፉ ቀን የሚሆን ቅጂ ዲስኩ ላይ አለ፣ ወንድሜ አስተካክሎልኛል ብላ ነው።

«ኢንጂነሩ እያለ ምን አስጨነቀሽ» ይላል ባሏ ጋሼ ከመስኮቱ ሥር። ኮት ላይ ቁልፍ እየተከለ ነው፣ በዳሰሳ። ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ በፊት የዕድሜውን ንድፍ ሁሉ፣ ቀሚሱን፣ ሱሪውን፣ ኮሌታውን፣ ያንን ትከሻ አይይዝም የተባለለትን እጅጌ፣ በወረቀት ሥሎ ጨረሰ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፑ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሁን እህቴ የምትቆርጠው በእነሱ ነው፤ የቤቱ ጉሮሮ እነሱ ናቸው።

ወረቀቱን ጣሉት ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ቤቱ ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢገባ፣ ይህቺ ዲስክ ራሷ እየገለበጠች ለልጅ ልጅ ታስተላልፋለች ብዬ እዚሁ ቆሜ ንግግር አደረግሁ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እሺ፣ ያጨበጨበው ጋሼ ብቻ ነው።

ዲስኩን እከፍታለሁ። የጋሼ ንድፎች ሊኖሩበት የሚገባው ፎልደር ባዶ ነው። የቀረው ቦታ እስከ አፍንጫው በእኔ ተሞልቷል፤ መድረክ የመራሁባቸው ሠርጎች ቪዲዮ፣ ከነጭፈራው፣ ከነቀልዴ። ለጊዜው ብዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ላንሣቸው፣ ነገ ላንሣቸው ስል ጋሼ መግቢያ አጣ።

ቀዩ ጽሑፍ ያኔም ይመጣ ነበር። እህቴ እየደወለች ታነብልኝ ነበር፤ አንድ ቀን ሰው ሰብስቤ ጨዋታ ሳደራ ደወለችና ጨዋታዬ ተበላሸ። በማግስቱ መጥቼ «ይህን መልእክት ዳግመኛ አታሳይ» የሚለውን ነካሁላት። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

«እንዲያው እጅህ ይባረክ» ትላለች አሁን፣ ጨርቁን እያለሰለሰች፤ «ካስተካከልክልኝ ወዲህ እኮ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

ጆሮዬ ይግላል። ላፕቶፑን ፊቱ ወደ ግድግዳው እንዲሆን አዞርና ሠርጎቼን ማጥፋት እጀምራለሁ። ሌላ ቦታ የሉም። አንዱ ሙሽራ ሄደ፣ ሌላው ሄደ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ በእኔ ሲስቅ የነበረው ሄደ። ቦታ እንደተገኘ መገልበጡን አዝዛለሁ። ቀሚሱ አለፈ። ሱሪው አለፈ። ኮሌታው እንደ ምንም አለፈ። ሁለተኛው ቀሚስ ላይ ቦታው እንደገና አለቀ።

ቸኮልኩ። ጣቴ ተንሸራተተችና ላጠፋው ያልኩትን ቪዲዮ ከፈተችው።

«ክቡራትና ክቡራን!» ይላል ድምፄ፣ ቤቱን ሞልቶ። «እኔ የያዝኩት ነገር ወድቆ አያውቅም!»

ልዘጋው እጫናለሁ፤ አሮጌው ላፕቶፕ ምስሉን አድርቆ ድምፁን ይለቃል። ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ ደግሞ እኔ። በመጨረሻ ይዘጋል። እህቴ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ ታወጣለች። የጋሼ መርፌ ቆሟል።

«ይሄ የወጣው ከዲስኩ ነው?» ይላል ጋሼ።

ምክንያት አጥቼ አላውቅም። መብራቱ አለ፣ ቫይረሱ አለ፣ የፋብሪካው ስህተት አለ፤ ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፈዋል።

«አዎ ጋሼ።»

«የእኔስ?»

«ቦታ አጥቶ ነው» እላለሁ። ድምፄ እንደዚህ ትንሽ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። «ቦታውን የያዝኩበት እኔ ነኝ። አሁን እያወጣሁ ነው።»

እህቴ መጥታ ከጎኔ ትቆማለች፤ የቀሩትን ሠርጎች በአንዴ ሰብስቤ እያየችኝ አጠፋቸዋለሁ። መገልበጡ ይቀጥላል። ሁለተኛው ቀሚስ። ጃኬቱ። እጅጌው ጋ ሲደርስ ላፕቶፑ ቀጭ ይላል፣ ደግሞ ቀጭ፣ ከዚያ ቀጭ ማለቱንም ይተዋል። ማያው ይጠቁራል። አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ፤ ቢጫኑት አይሰማም፣ ቢለምኑት አይሰማም።

«የቱ ቀረ?» ይላል ጋሼ።

«እጅጌው» ትላለች እህቴ።

ጋሼ ኮቱን ያስቀምጣል። ወንበሮቹን በእጁ እየዳሰሰ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ይመጣል፤ ልደግፈው እነሣና ደፍሬ አልነካውም። መዳፉን ይዘረጋል። እህቴ የልብስ ጠመኔውን ታስይዘዋለች።

በግራ ጣቶቹ እየለካ በቀኙ እጅጌውን እዚያው ጠረጴዛው እንጨት ላይ ይሥላል። የትከሻው ጉብታ በዝግታ ይወጣል፣ ክብ፣ ሙሉ፣ እንደ ዱሮው። ከዚያ መስመሩ ወደ ክንዱ ይወርዳል፣ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝም ይጠጋል፤ ጋሼ ጠርዙ እንደደረሰ አያይም።

ሳላስብ መዳፌን ከጠርዙ ጋር አጋጥሜ እዘረጋለታለሁ። ጠመኔው ከእንጨቱ ይወርድና ሳያቋርጥ በእጄ ላይ ይቀጥላል።