የተቀሰረው ጣት

ሄናሮ በር ዘግቶ ዝም ብሎ አይሄድም። የቤቱም ይሁን የመኪናው ወይም የእርግብ ቤቱ በር፣ ከዘጋው በኋላ ክንዱን ዘርግቶ አመልካች ጣቱን ይቀስርበታል፤ ከዚያ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዚህ አመሉ ይስቅበታል። ዶሚኖ ሊጫወቱ ሲቀመጡ አበልጁ ኤፍራይን ወንበሩ ላይ ጣቱን እየቀሰረ ያሾፍበት ነበር።

ያ ሁሉ ግን በአንዲት ነጭ ራስ እርግብ ከመኳረፋቸው በፊት ነው።

በዚያ የብሩክሊን ሰፈር ባቡሩ የሚያልፈው የብረት ምሰሶ ተሸክሞት፣ ከቤቶቹ ጣሪያ ትክክል ነው። ጣሪያ ላይ እርግብ የሚያረቡት ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው፤ መንጋህ ውስጥ ገብታ ያደረች የሰው እርግብ ያንተ ናት። ኤፍራይን ጉልበቱ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለው እርግቦቹን ሸጦ አንዲት ነጭ ራስ ብቻ አስቀረ። ሟች ሚስቱ ሉሲላ ከከንፈሯ እያበላች ያሳደገቻት ናት። ያቺ ከሃዲ አንድ ቀን መንገድ ተሻግራ ሄናሮ መንጋ ውስጥ ገባች። ኤፍራይን እንዲመልስለት ለመነው። ሄናሮ ሳቀ።

"አበልጄ፣ ሕጉን ያስተማርከኝ እኮ አንተ ነህ" አለው።

ከዚያ በኋላ ኤፍራይን ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጣሪያ አልረገጠም። በመስኮቱ ስትበር ግን ሁልጊዜ ያያት ነበር። አንድ እሑድ ሄናሮ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አየና እያቃሰተ ወደ ጣሪያው ወጣ።

ፊት ለፊት ያለው ጣቢያ ታድሷል። አጥሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መብራቶቹ ተለውጠዋል፤ ከጣሪያው ትይዩ አዲስ የተሰቀለው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት ሰሌዳ ላይ የመንገድ እርግቦች ተደርድረዋል። ኤፍራይን መቀርቀሪያውን ከፈተ። እጁን ወደ ነጭ ራሷ ሲሰድ ባቡር መጥቶ ቆመ። ከመሀለኛው ፉርጎ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በመስኮት ብቅ አለና ክንዱን ዘርግቶ ጣቱን ቀሰረበት።

ኤፍራይን እንደ ሌባ ሮጠ። ሌባም ነበር።

በሩን ሳይዘጋው ነው የሮጠው። ድመት ገብታ አሥራ አንድ እርግብ ገደለች። አንዷ ነጭ ራሷ ነበረች።

ሄናሮ በሩን መዝጋቱን አልተጠራጠረም፤ ጣቱን ቀስሮበታል። እንግዲያው ሰው ከፍቶታል። በዚያ ጠዋት ቤት የነበረው ደግሞ የልጁ የሚግዳሊያ ባል ኔልሰን ብቻ ነው፤ በእርግቦቹ ጩኸት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሲራገም የኖረው ኔልሰን። ሄናሮ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ነገረው። ሚግዳሊያ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ከወጣ እሷም ትወጣለች።

ሚግዳሊያ ወደ ኤፍራይን መጣች። ክርስትና ያነሳት እሱ ነው።

"የክርስትና አባቴ፣ አባዬ አንተን ይሰማል። ኔልሰን እንዳላደረገው በለው።"

እነግረዋለሁ አላት። አልነገረውም። እንዲያውም ሰኞ ዕለት ባልዲና መጥረጊያ ይዞ የእርግብ ቤቱን ሊያጸዳ ወጣ። ሄናሮ ኩርፊያውን ረስቶ አቀፈው፤ በክፉ ቀን የሚደርስ አበልጅ እንዳንተ ያለ የት ይገኛል አለው። ኤፍራይን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሄናሮ ለጣቢያው ጀርባውን ሰጥቶ ሚስማር ሲመታ ባቡር ቆመ። ያው ሰውዬ ብቅ ብሎ ጣቱን ቀሰረ። ማክሰኞ በባቡሩ መስኮት ብቅ ያለችው ፀጉሯን የተሠራች ሴት ነበረች፤ እሷም ቀሰረችበት። ወሬው እርስ በርሳቸው ተዳርሷል ማለት ነው። ረቡዕ ኤፍራይን ኮፍያ አደረገ። ሐሙስ አርባ ዓመት የኖረውን ሪዙን ተላጨ። ሄናሮ ምን ሆነሃል ብሎ ሲጠይቀው ሙቀቱ ነው አለው፤ ወሩ ኅዳር ነው። ዓርብ ያው ሰውዬ መጣና ያለምንም ማመንታት ጣቱን ቀሰረ።

ኤፍራይን ምግብ አልበላ አለው። ሰውየው አንድ ቀን ከባቡር ወርዶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ለሄናሮ ሁሉን ሲነግረው ይታየው ነበር። ከዚያ ይልቅ በገዛ አፉ መናገር ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጣሪያው ሲወጣ ደረጃው ላይ ከኔልሰን ጋር ተገናኙ። ኔልሰን ገና ያልተወለደውን ልጅ አልጋ ተሸክሞ እየወረደ ነበር። ኤፍራይን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈው።

"ሄናሮ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ። "ሉሲላን የማይባትን እርግብ ልወስድ ወጣሁ። በሩን ትቼው ሮጥኩ።"

ሄናሮ መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ በደረጃው አፍ ጎንበስ ብሎ ተጣራ።

"ኔልሰን! አልጋውን መልሰው።"

ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ሳምንቱን ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ላባቸውን ስትጠርግ እንዴት አስቻለህ? ዛሬስ ምን አናገረህ?"

ኤፍራይን መዋሸት ሰልችቶታል። "ያየኝ ሰው ባይኖር ኖሮ አልነግርህም ነበር።"

"ማን አየህ?"

ባቡሩ መጥቶ ቆመ። ሰውየው ከመሀለኛው ፉርጎ ብቅ አለና ጣቱን ቀሰረ።

"ያውልህ" አለ ኤፍራይን። "በየቀኑ እንደዚህ ነው የሚያጋልጠኝ።"

ሄናሮ ዞር ብሎ ሰውየውን አየ፤ የአበልጁን የተላጨ ከንፈር አየ፤ ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ጥቁርና ነጩ ሰሌዳ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

"ባቡሩ ልክ ቦታው ላይ መቆሙን ሳናረጋግጥ በር አንከፍትም" አለ፤ "እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጣቢያው እንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ ስቀስር ነው የኖርኩት።"