መርዶ ነጋሪ

ቄሱ የወንድማቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ መሬት ጽሕፈት ቤት መጥተው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ዓይናዲስ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነችው። ሞት ሲመዘገብ መሬቱ በራሱ ወደ ወራሽ ይዞራል፤ መሬቱ ሲዞር ደግሞ ለወራሽ የስልክ መልእክት ይሄዳል። ፕሮግራሙን እንዲህ አያይዛ የጻፈችው ራሷ ነበረች፤ ትኮራበትም ነበር።

«ወራሿ ኮን የምትባለው ልጃቸው ናት አይደል፣ አባ?» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«አዎ ልጄ። አራስ ስለሆነች ሞቱን ደብቀናታል። የሕፃኑ ክርስትና ሲያልፍ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳታል።»

ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» የሚል ቃል ወጣ። ዓይናዲስ ጣቷን ከቁልፉ ላይ ማንሳት አቃታት። ወዲያው ከቄሱ ጋቢ ሥር ስልክ ጮኸ።

«እሷው ናት» አሉ። እንዳትጠረጥር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸውንም ፈታ አድርገው ስልኩን አነሱት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን!»