አልጋ ያለው መኪና

ዘካርያስ ፍሬኑን ሲረግጥ መደርደሪያው ላይ ያሉት ድስቶች ተንኳኩ። ከመታጠፊያው ወዲያ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከበረሃው ወደ ላይ እየወጡ ነበር። መኪናውን ሲያዩ ቃሬዛውን መንገዱ መሃል አሳርፈው እጃቸውን አነሡ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ትርሲት፣ ከኋላ አልጋው ላይ እንደተጋደመች።

ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰውነት ከጋቢናው ወረደ። ዳገቱ ላይ ባለችው ወገዳ ከተማ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ሁለቱን ጓደኞቹን ወደ በሽሎ በረሃ እየመራ የሚያወርዳቸው እሱ ነው። ዘካርያስ ይህን ጉዞ ዩኒቨርሲቲ አብረው ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ሲያልመው ኖሯል። አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሮቹን አስነቅሎ፣ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅና የውሃ ታንከር አስገጠመለት። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በንፋስ መውጫ አድርገው መጡ፤ ሐሳባቸው ወንዝ ዳር እያደሩ በረሃ ለበረሃ መዞር ነበር። ከወገዳ ጀምሮ ቁልቁለቱን ሁሉ ሲዘፍኑ ነው የወረዱት።

ቃሬዛው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተኝታለች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሆዷ ከፍ ብሎ ጋቢውን ወጥሮታል።

ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ሰውነትን ትክ ብለው አዩት። «የመምህር እሱባለው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«እግዜር ነው ያመጣህ፣ ልጄ። የልጄ ሚስት ናት፤ ወለተ ሚካኤል ትባላለች። ከትናንት ጀምሮ በምጥ ላይ ናት፣ ሕፃኑ አልወርድ አለ። ስልክ አይሠራ፣ አምቡላንስ አልጠራን። እንደው ወገዳ ጤና ጣቢያ ድረስ ብታደርሱልን።» አንገታቸውን አስግገው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከቱ። «አልጋም አላችሁ» አሉ። ድምፃቸው ደስታ ነበረበት።

ሰውነት ወደ ሹፌሩ መስኮት ተመለሰ። ዘካርያስ የተባለውን ሁሉ ሰምቷል፤ መሪውን እንደጨበጠ ነው።

«አልችልም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪናው ውስጥ ብትሞትስ? ፖሊስ ሲጠይቀኝ ምን ልል ነው? ደሙስ? የምንተኛው እኮ እዚያ ላይ ነው።»

«ዘኪ፣ በመኪና እኮ ቅርብ ነው።»

«ሞተሩ ግሏል፣ ዳገቱን አይወጣም በላቸው።»

«አልጋለም።»

«በላቸው። ያገርህ ሰዎች ናቸው፣ አንተን ይሰሙሃል።»

ሰውነት ወደ ትርሲት ዞረ። ተነሥታ ተቀምጣለች። ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ ጎንበስ አለችና ከፍሪጁ ውስጥ የታሸገ ውሃ ማውጣት ጀመረች።

ተመልሶ ሽማግሌው ፊት ቆመ። «ሞተሩ ግሏል፣ አባቴ» አለ። «ዳገቱን አይወጣም።»

ሽማግሌው አልተጠራጠሩም። «ምን ይደረግ» አሉ። «የብረት ነገር።» ትርሲት ያመጣችውን ቀዝቃዛ ውሃ ተቀብለው የምራታቸውን ከንፈር አራሱ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ሦስቱንም መረቁ። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ያብቃችሁ።

ሰውነት ምርቃቱን አልቻለውም። ከተሸካሚዎቹ መካከል የሚያነክሰውን አስለቅቆ የቃሬዛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ዘካርያስ በስሙ ጠራው። ዞር አላለም።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊቱ የሚሸከመው የሴቲቱ ባል ነበር። እሷ ባቃሰተች ቁጥር እርምጃውን ያፈጥናል፣ ሌሎቹም እሱን ለመከተል ይደናቀፋሉ። የሰውነት ትከሻ ወዲያው ተላጠ። ሕመሙ ደስ አለው።

አንድ መታጠፊያ እንዳለፉ ከታች የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ቆመው አዳመጡ፤ ፊታቸው በራ። «ቀዘቀዘላቸው መሰለኝ» አሉ። «ወለተ ሚካኤል፣ መጡልሽ።» ባልየው ተንበርክኮ ቃሬዛውን ቀስ ብሎ መንገዱ ዳር አሳረፈ። የሚስቱን ግንባር በእጁ ጠረገላት።

መኪናው ዳገቱን አንድም ጊዜ ሳያጓራ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ዘካርያስ መስኮቱን ግማሽ ድረስ አወረደ።

«ሰውነት፣ ግባና እንሂድ። ካላንተ መንገዱን አናውቀውም።»

«የኋላውን በር ክፈተው።»

«አንተ በዚህ ግባ።»

ሰውነት የበሩን እጀታ ይዞ ሳበ። ከውስጥ ተቆልፏል። ደግሞ ሳበው። በመስታወቱ ትርሲት ትታየዋለች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ትርሲት፣ ክፈችው» አላት። መቆለፊያው እጇ አጠገብ ነበር። አልነካችውም።

ዘካርያስ የሰውነትን ሻንጣ በመስኮቱ አውጥቶ መሬት ላይ ለቀቀው። ትንሽ ወደ ፊት ነድቶ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ዞረና ባጠገባቸው ቁልቁል ተወረወረ። አቧራው ሁሉንም ዋጣቸው። ባልየው ሚስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ከለላት።

አቧራው ሲረግብ ሽማግሌው ሰውነትን እያዩት ነበር። አልተቆጡም። ብዙ ካዩት በኋላ «ያዝ እንግዲህ» አሉ። «ልጄ» አላሉትም።

ቃሬዛው ተነሣ። ወለተ ሚካኤል ዐይኗን ሳትገልጥ «መኪና ሰማሁ» አለች። «ደረስን እንዴ?»

ባሏ እርምጃውን አፈጠነ።

«ጥቂት ነው የቀረን» አለ ሰውነት፣ ወደ ላይ እያየ። ከዳገቱ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።