ዙፋን ላይ የተቀመጠው የውኃ ሻጩ ልጅ

«ዤሮ! ውረድ ከዚያ! ሰው ሳያይህ ውረድ!»

አማብል የሚጮኸው ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጁን ሲፈልግ ውሏል፤ በየሆስፒታሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ለምሽግ ድንጋይ በተቆለለበት መንገድ ሁሉ። አሁን ሲያገኘው ግን ከደስታው ፍርሃቱ ይቀድማል። ልጁ የንጉሡ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። እጆቹን ወርቅ በተቀባው መደገፊያ ላይ አሳርፎ፣ ቆቡን ወደ አንድ ዓይኑ አዘንብሎ፣ ዘና ብሎ።

«አንተን እኮ ነው! ልታሰቅለን ነው?»

የቱለሪ ቤተ መንግሥት አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ሦስት ቀን ሲዋጋ የሰነበተ፣ ፊቱን ባሩድ ያጠቆረው ሰው፣ ከንጉሡ ጓዳ የወጣ ወይን ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፋል። አንዲት ዓሣ ሻጭ እየሳቀች ወደ አማብል ትዞራለች።

«ኧረ ቀስ ይበሉ አባባ! ግርማዊነታቸው እንግዳ እየተቀበሉ ነው። ቆብዎን ያውልቁ!»

አማብል ቆቡን ያወልቃል። ዕድሜውን የፈጀው በሰው ቤት የጓሮ ደረጃ ውኃ ሲያወጣ ነው፤ አውልቅ ሲባል እጁ ራሱ ይታዘዛል። ንጉሡ እንዳበቃላቸው መንገድ ላይ ሰምቷል። ግን የነገሥታት ነገር ይታወቃል። ፊትም ተባረው ነበር፤ ከባዕድ ወታደር ጋር ሲመለሱ በዓይኑ አይቷል።

እየተጋፋ ወደ ዙፋኑ ይጠጋል። ልጁ አይንቀሳቀስም። ሰክሯል፣ ይላል በልቡ። መጠጥ እንደሆነ አይችልም።

«ቤት እንግባ ብቻ! እናትህ እህል ሳትቀምስ መስኮት ላይ ተደፍታ ውላለች፤ አንተ እዚህ…»

ትከሻውን ይዞ ይነቀንቀዋል። ራሱም እጁም እግሩም ባንድ ላይ ይነቃነቃል፣ እንደ ዕቃ። ደረቱን የሸፈነው ጥቁር ሻሽ ይንሸራተታል። ከሥሩ ሸሚዙ ደርቆ ጠቁሯል። ዝንቦች ተነሥተው ተመልሰው ያርፋሉ።

የዓሣ ሻጯ ሳቅ ይቋረጣል። «ወይ ጉዴ! ለካ አባቱ ኖረዋል!»

ከዙፋኑ ጎን ጠመንጃ ይዞ የቆመ ሰው ቀረብ ይላል። ጣቶቹ ላይ የማተሚያ ቀለም አለ።

«ባርናቤ እባላለሁ፣ አባባ። ማተሚያ ቤት አብረን ነበርን። ንጉሡ ጋዜጦቹን ሲዘጋ አብረን ነው ለውጊያ የወጣነው። እኩለ ቀን ላይ ሉቭር ቤተ መንግሥት በር ላይ ወደቀ። ከሁላችን ፊት ነበር። ከሱ ሌላ ለዚህ ወንበር የሚገባ ማነው አልን።»

አማብል ጎንበስ ብሎ የልጁን ቆብ ያቃናል።

«አንሡልኝ። ቤቱ ልውሰደው።»

«እስከ ነገ ይቆይልን፣ አባባ። ከተማው ሁሉ ይየው። ነገ እነዚያ ሀብታሞች መጥተው ሌላ ንጉሥ ያስቀምጡብን ይሆናል። ያኔ ወንበሩ ላይ የማን ደም እንዳለ ሰው ሁሉ አውቆ ይሁን።»

«እውነትህን ይሆናል» ይላል አማብል። «እናቱ ግን አላየችውም።»

«እናምጣቸዋ! በክብር፣ በሠረገላ!»

«እዚህ?» አማብል ጠርሙሶቹን ያያል። «እናንተ እየጠጣችሁ?»

«ስጣቸው እንጂ!» ዓሣ ሻጯ ባርናቤ ላይ ትጮኻለች። «አንተ ነህ ያማጥከው? ይሄ ሙቀት እስከ ነገ ምን እንደሚያደርገው ደግሞ እኔን ጠይቀኝ!»

ባርናቤ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል። እሱ በብብቱ፣ አማብል በእግሮቹ በኩል ይዘው ያነሡታል።

ዤሮ ይነሣል፤ ግን አይዘረጋም። ምንጣፉ ላይ በጀርባው ሲያስተኙት እግሮቹ እንደታጠፉ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ይቀራሉ። እጆቹ የሌለ መደገፊያ ይዘዋል። ከኋላ አንድ ሰካራም መሳቅ ሲጀምር ሌላው አፉን ያፍነዋል።

አማብል ተንበርክኮ የልጁን ጉልበት በሁለት እጁ ያሻል፤ ብዙ ያሻል። ከዚያ ጫን ይላል። ውስጡ የሆነ ነገር ቋ ሲል እጁን ፈጥኖ ያነሣል።

«መቼ ነው ያስቀመጣችሁት?»

«በሩ እንደተሰበረ፣ ወዲያው…» ይላል ባርናቤ። «አላወቅንም አባባ። ማክበራችን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቃሬዛ ላምጣ?»

«ቃሬዛ ላይ እንዴት አድርጎ ይተኛል?»

ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ቁጢጥ ይላል። «አሳዝሉኝ» ይላል።

ያሳዝሉታል። ደረቅ ክንዶቹ በአባቱ ትከሻ ላይ አልፈው ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ አገጩ ማጅራቱ ላይ ያርፋል። አማብል ጭኖቹን ከሥር ይዞ ይነሣል። ሰዉ መንገድ ይከፍታል። በሌላው በር የገቡ፣ ምንም ያላዩ ሰዎች ባዶውን ወንበር አግኝተው ለመቀመጥ በሳቅ ተራ ይጋፋሉ።

ደረጃው አናት ላይ ልጁ ይንሸራተትበታል። አማብል ይቆምና፣ የታዘለ ሕፃን ሲንሸራተት እንደሚደረገው፣ ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያም እግሮቹ እስኪያቅፉት ይጠብቃል። የዤሮ ጉልበቶች ግራና ቀኝ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። በእነሱና በአባቱ ወገብ መካከል አሁንም የወንበሩ ስፋት አለ።