ለክትትል ያልተመለሱት

የልብ ሐኪሟ የአባቷን የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምታቸውን በጣቶቿ ትፈልግ ነበር። ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ከአልጋው ራስጌ ያለው ስክሪን ግን አረንጓዴ ነበር፤ ዕድሜዋን የፈጀችበት፣ ከብዙ ሺህ የልብ ሕሙማን መረጃ የተማረው ፕሮግራሟ «አደጋ የለም፣ ወደ ቤት ይሂዱ» ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት ደረታቸውን ሲያማቸውም ይህንኑ ብሎ፣ እሷም አምናው ሸኝታቸዋለች።

«ቶሎ ለቀዶ ጥገና አዘጋጁልኝ» አለች ነርሷን።

«ምነው ልጄ፣ ላቤን አይተሽ ነው?» አሉ አባቷ፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። «ማሽንሽ እንደሁ ደህና ነህ እያለኝ ነው። እኔን የመሰለ ስንቱን ሽማግሌ አይቶ የለ እንዴ።»

ጣቶቿ አንጓቸው ላይ ደረቁ። ፕሮግራሙ የሚማርበትን መረጃ ስታጠራ፣ ለክትትል ያልተመለሱትን ሕሙማን ሁሉ «ያልተሟላ» ብላ የሰረዘቻቸው ራሷ ነበረች። የት ቀሩ ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ለካ የሞተ ሰው ለክትትል አይመለስም። ፕሮግራሙ የተማረው ከተረፉት ብቻ ነበር፤ አባቷን የሚመስሉትን በሙሉ በገዛ እጇ አጥፍታበታለች።

«አዎ አባዬ፣ ብዙ አይቷል» አለቻቸው።

ጣቶቿን አንጓቸው ላይ ጫን አድርጋ ጠበቀች። ምቱ አልተመለሰም።